ከየካ እስከ ቦሌ፤ ስለ ሳምባ ሻጋታ በሽታ ታሪክ

በአዲስ አበባ ከተማ አንድ ሰው ሳሉ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት ሲያልፍ፣ ሌሊት ሌሊት ሲያልበው፣ ሰውነቱም እየከሳ ሲሄድ፣ ሐኪሙም ጎረቤቱም መጀመሪያ የሚያስቡት አንድ በሽታ ነው፤ እርሱም የሳምባ ነቀርሳ፣ ዛሬ በተለምዶ ቲቢ የምንለው ነው። ይኸ ግምት ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ ስለሚገኝ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከዚሁ ግምት ሥር ለብዙ ዘመን ተሸሽጎ የኖረ ሌላ በሽታ አለ። ይኸውም በዓይን የማይታይ የሻጋታ ዘር በትንፋሽ ገብቶ፣ በተለይም ነቀርሳ ቦርቡሮ በተወው የሳምባ ጎድጓዳ ውስጥ በቅሎ የሚያመጣው በሽታ ነው። በሕክምና ቋንቋ አስፐርጊሎሲስ ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ በሽታው በአገራችን ብርቅ መስሎ የታየው በእርግጥ ብርቅ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ የምንፈልግበት መሣሪያና የምንጠራበት ስም ስላልነበረን ጭምር ነው የሚል ነው። ከከተማውም የምሥራቁን ክፍል የመረጥንበት ምክንያት አለን። በመንግሥት ከተሠሩት ሆስፒታሎች የመጀመሪያው፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ የቆመው በየካ በኩል ነው። በአገር ውስጥ መልስ ያጣ ሕመምተኛ ሻንጣውን ይዞ የወጣበት በርም ቦሌ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በእግር የግማሽ ቀን ጉዞ አይሞላም፤ በሽታውን በትክክል ለማወቅ የተኬደበት መንገድ ግን አንድ መቶ ዓመት ፈጅቷል። ከዚህ ቀጥሎ የውጭ አገር ነገር ሲነገር ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችን ሲነገር ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር አድርገን እንጽፋለን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። ነቀርሳ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት በሽታ ተሸክሞ ኖሯል። የሳምባ ነቀርሳ ሲባል ቲቢ ነው፤ ዝም ብሎ ነቀርሳ ሲባል ደግሞ ዛሬ ካንሰር የሚባለው ነው። እንግዲህ በራጅ ፎቶግራፍ ላይ በሳምባው ጥላ የታየበት ሰው፣ ነቀርሳ ነው ቢባል የትኛው እንደሆነ እንኳ ሳይለይለት ሊቀር ይችል ነበር። ከዚህ ሌላ የሳምባ ምች አለ፤ ምች ግን ከሐኪም ቤቱ ውጭ ከራስ ምታት እስከ ከንፈር ቁስል ድረስ ብዙ ነገር የሚባልበት ቃል ነው። ሻጋታ የሚለውን ቃል ወስደን ብናይ የምግብ ነገር ነው፤ እንጀራ ይሻግታል፣ ዳቦ ይሻግታል፣ ሰው ሻገተ ግን ከስድብ በቀር አይባልም። ፈንገስ የሚለው የውጭ ቃል ደግሞ ወደ አማርኛ የገባው በቆዳ በሽታ በኩል ነው። ስለዚህ ሐኪም ለሕመምተኛው «ያለብህ ፈንገስ ነው» ቢለው፣ ሰውየው መጀመሪያ የሚያየው የእግሩን ጣቶች ነው። ለበሽታው በሕዝብ አፍ የተለመደ ስም አለመኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ስም የሌለው በሽታ ለዘመድ አይነገርም፤ ለመሥሪያ ቤት አለቃም ፈቃድ አይጠየቅበትም።

ተሕዋሲው ስሙን ያገኘው በ1729 እ.ኤ.አ. ነው። በኢጣልያ አገር የፍሎሬንስ ከተማ ሰው የሆኑት የዕፀዋት ሊቅ ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ ሻጋታን በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱ፣ ከአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ዘሮቹ ተደርድረው አዩ። ይኸም የካቶሊክ ካህናት ጠበል የሚረጩበትን መሣሪያ ስለመሰላቸው፣ በዚያው በመርጫው ስም አስፐርጊለስ አሉት። ሚኬሊ የጻፉት ስለ ዕፀዋት እንጂ ስለ በሽታ አልነበረም። ሻጋታው በሰው ሳምባ ውስጥ ታየ የሚል ነገር የተጻፈው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1842 እ.ኤ.አ. በኤዲንበርግ ከተማ ሐኪሙ ጆን ሂውዝ ቤኔት በአንድ ሕመምተኛ ሳምባና አክታ ውስጥ የሚያድግ ሻጋታ ማግኘታቸውን ገለጡ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን፣ ያ ሕመምተኛ የነቀርሳ በሽተኛ መሆኑ ነው። ሻጋታው ወደ ሕክምና ታሪክ የገባው ገና ከመጀመሪያው ነቀርሳን ተከትሎ ነው ማለት ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሖ ሌሎች ሕመምተኞችን ጨምረው ጻፉ፤ ከሰባት ዓመት በኋላም ጌኦርግ ፍሬዜኒዩስ በሰው ላይ አብዝቶ ለሚታየው ዓይነት ፉሚጋቱስ የሚለውን ስም ሰጡት፤ መልኩ ጢስ የሚመስል ስለሆነ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን የፓሪስ ርግብ ቀላቢዎች ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን በፓሪስ ለገበያ የሚቀርቡትን ርግቦች ማድለብ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ቀላቢው እህሉን ከውሃ ጋር በአፉ ይሞላና የርግቧን ምንቃር ከፍቶ ከአፉ ወደ አፏ ይተፋላታል፤ በቀንም ይህን የሚያደርገው ለብዙ ርግቦች ነው። እነዚህ ሠራተኞች ያስላሉ፣ ደም ይተፋሉ፣ ይከሳሉ። ማንም ቢያያቸው የሳምባ ነቀርሳ አለባቸው ይል ነበር። በ1890 እ.ኤ.አ. ዲየላፏ፣ ሻንትሜስና ቪዳል የተባሉ ሦስት የፈረንሳይ ሐኪሞች አክታቸውን መርምረው የነቀርሳ ባሲል አጡበት፤ ያገኙት አስፐርጊለስን ነው። ለበሽታውም የሰጡት ስም ሐሰተኛ ነቀርሳ የሚል ነበር። በኋላም ሉዊ ሬኖን የተባሉ ሐኪም በ1897 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ ሙሉ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከእህል ዱቄት ጋር ጠጉር የሚያበጥሩ የፓሪስ ሠራተኞችም እንደ ርግብ ቀላቢዎቹ መታመማቸው ታወቀ።

ሦስቱ ሐኪሞች ይህን ለማግኘት የቻሉት ለምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ሮበርት ኮኽ የነቀርሳን ባሲል ያሳዩት በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ነቀርሳ የሚባለው በምልክቱ ብቻ ስለነበረ፣ የሚመስለው ሁሉ እርሱ ነበር። ባሲሉ ከታወቀ ስምንት ዓመት ብቻ ቆይቶ «ይኸ ሰው ነቀርሳ የለበትም» ማለት ተቻለ። ሐሰተኛው የተለየው እውነተኛው ከተለየ በኋላ ነው። ይኸው ነገር በአገራችን እንዴት እንደተደገመ ወደፊት እናያለን።

የፓሪሱ ጽሑፍ በታተመ በስድስት ዓመት ውስጥ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ያቋቋሙትም ሆስፒታል እስከ 1906 እ.ኤ.አ. ድረስ ሠራ። በ1902 ዓ.ም. ገደማም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተመሠረተ። በእነዚያ ሆስፒታሎች ከጦር ቁስል፣ ከፈንጣጣና ከቂጥኝ የተረፈ ጊዜ ብዙ አልነበረም። ሳል የያዘው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ሐኪም ቤት ሳይሆን ወደ ጠበል ነበር፤ ካልሆነም በቤቱ ማርና ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይዞ ይቀመጣል። ይህን የምንለው ለማቃለል አይደለም። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሐኪምም ለሳምባ ነቀርሳ የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረውም፤ የሚያዝዘው ንጹሕ አየርና ዕረፍት ነበር።

የነቀርሳ ሕክምና በአገራችን በሰፊው የተጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1940ዎቹ የፓስተር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1950ዎቹም የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በእንጦጦ ተረተር ለነቀርሳ ሕመምተኞች ተለይቶ ሥራ ጀመረ። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 እ.ኤ.አ. ተገኝቶ ስለነበረ ሐኪሙ አሁን የሚሰጠው ነገር አለው። ሕመምተኛውም ይድን ጀመር። ይኸ እጅግ የሚያስደስት ነገር ሆኖ ሳለ፣ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ የዳነው ሰው ሳምባ እንደ ቀድሞው አይሆንምና። ባሲሉ ቢሞትም የቦረቦረው ጎድጓዳ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል። ጎድጓዳው ሞቃትና እርጥብ ነው፤ አየር ይገባዋል፤ የሰውነትም መከላከያ እንደሚገባ አይደርስበትም። ለሻጋታ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ ከየት ይገኛል?

በዚያው ዘመን ይህን ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ይመረምሩት ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. በለንደን የብሮምተን ሆስፒታል ሂንሰን፣ ሙንና ፕለመር የተባሉ ሐኪሞች የሳምባ አስፐርጊሎሲስን በሦስት ከፈሉት። አንደኛው አስም ያለባቸውን ሰዎች የሚያስቆጣው ነው። ሁለተኛው በሳምባ ጎድጓዳ ውስጥ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ የሚያድገው ነው። ሦስተኛው ሥጋን ሰርስሮ ወደ ደም የሚገባው ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ፔፒስና ባልደረቦቻቸው ሰውነት ሻጋታውን ለመከላከል የሚያወጣውን ነገር ከደም ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ አወጡ። ከዚህም በኋላ የእንግሊዝ የነቀርሳ ማኅበር ከነቀርሳ የዳኑና በሳምባቸው 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎድጓዳ የቀረባቸውን 544 ሰዎች መርምሮ በ1968 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ። ከአራቱ ሰው የአንዱ ደም የሻጋታው ምልክት ተገኘበት። በ1970 እ.ኤ.አ. በወጣው ተከታይ ጽሑፍ ደግሞ ቁጥሩ ከመቶ ወደ 34 ከፍ ብሎ ታየ።

እንግዲህ ለንደን ከነቀርሳ በዳኑ ሰዎች ውስጥ ሻጋታ በምትቆጥርበት ጊዜ አዲስ አበባ ገና ነቀርሳውን ትቆጥር ነበር። በዚህ የሚወቀስ ሰው የለም። አንድ ራጅና አንድ አጉሊ መነጽር ያለው ሐኪም፣ በር ላይ ከተሰለፈው ሕዝብ መካከል ብዙውን ሊያድን የሚችለውን በሽታ መርጦ ቢፈልግ ልክ ነው። ጉዳቱ የመጣው ምርጫው ልማድ ሆኖ ከቀረ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቦሌ እንውረድ። ዛሬ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ለሚ፣ ቡልቡላ የምንላቸው ሰፈሮች በዚያ ዘመን አብዛኛው ክፍላቸው የእርሻ መሬት ነበር። ጤፍና ስንዴ ይዘራበት፣ በአውድማም ይወቃበት ነበር። የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ሆኖ ሳለ ሜዳው ለጄት አውሮፕላን ስላጠረ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጄት በረራ ጀመረ። ከተማውም መንገዱን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ተዘረጋ። ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ሆነ፤ ቆይቶም ጭቃው ለብሎኬትና ለሲሚንቶ አቧራ ቦታውን ለቀቀ። አስፐርጊለስ የሚራባው በሚበሰብስ ዕፅ፣ በጭድ፣ በድርቆሽ፣ እርጥበት ባገኘው እህልና ግድግዳ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ዘር ውፍረት ከሚሊሜትር ሺህ እጅ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ እስከ ሳምባው መጨረሻ ድረስ ይዘልቃል።

ከዚህ ተነሥቶ ግን በሽታውን ያመጣው የቦሌ አቧራ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። የሻጋታ ዘር የማይተነፍስ ሰው በምድር ላይ የለም። የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሁሉ በእንጀራ መሶብ ውስጥ ያውቀዋል። በአራተኛው ቀን በእንጀራው ላይ የሚወጣውን የመረመሩ ሰዎች ከሌሎች ሻጋታዎች ጋር አስፐርጊለስንም አግኝተዋል። ጤነኛ ሳምባ ዘሩን ጠርጎ ያወጣዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው አፈሩ እንጂ ዘሩ አይደለም፤ አፈር የምንለውም ቀድሞ የተጎዳ ሳምባ ነው። የፈንገስ በሽታም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በየከተማው የጋሪ ፈረሶችን እግርና ደረት የሚያቆስለው በሽታ ከፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ የእንስሳት ሐኪሞቻችን ብዙ ጽፈውበታል። የፈረሱ ቁስል በመንገድ ላይ ይታያል፤ የሰው ሳምባ ግን አይታይም።

ከ1984 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአርሲና በባሌ የተሞከረው የነቀርሳ ሕክምና አሠራር፣ ይኸውም ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት የሚውጥበት፣ ወደ አገሩ ሁሉ ተስፋፋ። ብዙ ሕይወትም አዳነ። በዚህ አሠራር ውስጥ ለጉዳያችን ዋና የሆነ አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም አክታው ሲመረመር ባሲል ያልተገኘበት፣ ነገር ግን በራጁና በምልክቱ የነቀርሳ ሕመምተኛ ነው የተባለ ሰው ነው። መድኃኒቱን ጨርሶ ሕመሙ ቢመለስበት ደግሞ እንደገና ሕክምና ይጀምራል። ይኸኛው ስምንት ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወሮች በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ይጨመርበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይኸ ሕክምና እንዲቀር ያሳሰበው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ ዓመታት ባሲል ሳይገኝባቸው መርፌውን ከተወጉት መካከል ሐሰተኛው ነቀርሳ የነበረባቸው ሰዎች መኖራቸው አያጠራጥርም።

ይኸ ግምት ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ ከአዲስ አበባ የወጣ ማስረጃ አለ። ጌታቸው አደራዬ የተባሉት የሳምባ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ ያለባቸውን፣ በአክታቸው ባሲል ያልተገኘባቸውንና የራጅ ፎቶግራፋቸው ያልተለመደ የሆነባቸውን 131 ሕመምተኞች በሳምባ መመልከቻ ቱቦ መረመሯቸው። ከመቶ 30 በሚሆኑት ላይ ኒሞሲስቲስ የተባለው ተገኘ፤ ነቀርሳው ራሱ የተገኘባቸው ከአራቱ አንድ አይሞሉም። ኒሞሲስቲስ የአስፐርጊለስ ዘመድ እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም፤ ግን ይኸም ፈንገስ ነው። የስሙም ታሪክ አስገራሚ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. በብራዚል ካርሎስ ሻጋስ ሲያዩት የሌላ ተሕዋሲ ልጅ መሰላቸው። በ1912 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ዴላኖዌ የተባሉ ባልና ሚስት ለብቻው የሆነ ፍጥረት መሆኑን አሳዩ። ከዚያም እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ ከፈንገስ ወገን ሳይቆጠር ቆይቶ፣ በዘር ምርመራ ብቻ ወገኑ ታወቀ። ሊቃውንቱ ራሳቸው የተሕዋሲውን ወገን ከሰባ ዓመት በላይ ሲስቱ ከኖሩ፣ የወረዳው ጤና ጣቢያ ለምን ሳተ ብሎ መፍረድ ይከብዳል።

አሁን ከሕመምተኛው በኩል ሆነን እንመልከት። አንድ የገርጂ አናጢ እናስብ። ሰውየው በስም የምናውቀው አይደለም፤ መንገዱ ግን ብዙዎች የሄዱበት ነው። በወጣትነቱ የሳምባ ነቀርሳ ይዞት መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል። ከዓመታት በኋላ ሳሉ ይመለሳል። አንድ ቀን ጠዋት በአክታው ደም ያያል። ከቤተሰቡ ማንም ሳይጠይቅ ብርጭቆው ይለያል፤ ልጆቹ ከአጠገቡ እንዳይተኙ ይደረጋል፤ የታጨች ልጅ ካለችው የአማቾቹ ጆሮ እንዳይሰማ ይደበቃል። ጎረቤት «ጋሼ፣ ያ በሽታ ተነሣብዎት እንዴ?» ይላል። የሚያሳዝነው፣ አስፐርጊሎሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብርጭቆው የተለየው በከንቱ ነው።

አክታው ይመረመራል፤ ባሲል የለም። ቢሆንም መድኃኒቱ ይጀመርለታል። ትንሽ የተሻለው መስሎ ይቆያል፤ ይኸ በሽታ ጊዜ እየሰጠ የሚሄድ ስለሆነ በመድኃኒቱ የዳነ ይመስላል። እንደገና ይመለስበታል። በሦስተኛው ጊዜ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል፤ ካልሆነም ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ ግል ሐኪም ቤት ይወስደዋል። ሲቲ ስካን የተባለው የራጅ ዓይነት ሲነሣ፣ በድሮው ጎድጓዳ ውስጥ አንድ ድቡልቡል ነገር ይታያል፤ በላዩም እንደ ጨረቃ የታጠፈ የአየር ክፍተት አለው። ይህን የሚያውቅ ዓይን ካገኘ ነገሩ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። የቀረው በደሙ ውስጥ የሻጋታውን መከላከያ መለካት ነው፤ ይኸ ምርመራ ግን በአገር ውስጥ ሲፈለግ ኖሮ የማይገኝበት ጊዜ በዝቷል። ካንሰር ነው ተብሎ የተፈራለት ወይም የተፈራበት ሰውም አለ።

የውጭ ሕክምና ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አቅም ያለው፣ ወይም በውጭ አገር ልጅ ያለው፣ የሕክምና ቦርድ ፊት ቀርቦ ሕክምናው በአገር ውስጥ የማይገኝ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ይቀበላል፤ በወረቀቱም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ በቦሌ በኩል ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ሕንድ አገር ይሄዳል። የራጅ ፎቶግራፎቹን በትልቅ ቡናማ ፖስታ በብብቱ ይዞ ይሳፈራል። ወረቀቱ ለታሪክ ጸሐፊ ራሱን የቻለ ምንጭ ነው፤ አገሪቱ የማትችለውን በራሷ ማኅተም የመዘገበችበት ሰነድ ነውና። አቅም የሌለው ሕመምተኛ ግን ወረቀት የለውም፤ ታሪኩም ከነቀርሳው መዝገብ አይወጣም።

የበሽታው ስም ከታወቀ በኋላም ኑሮው ቀላል አይደለም። ኳሱ አንድና የተወሰነ ከሆነ፣ የቀረውም ሳምባ ጤነኛ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ካልሆነ ኢትራኮናዞል የተባለውን መድኃኒት ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም ዓመትና ከዚያ በላይ መውሰድ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከወጣው ከአምፎቴሪሲን ጋር ሲወዳደር ይኸኛው ታላቅ ዕረፍት ነው፤ ያኛው በደም ሥር የሚሰጥ፣ የሚያንቀጠቅጥና ኩላሊት የሚጎዳ ነበር። ሆኖም አንድ ክፉ ግጥሚያ አለ። ከነቀርሳ መድኃኒቶች ዋናው የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበትን አነሣሥቶ ኢትራኮናዞልን ፈጥኖ እንዲፈርስ ያደርገዋል። ስለዚህ «ለማንኛውም» ተብሎ ሁለቱ አብረው ቢሰጡ፣ የሻጋታው መድኃኒት ከሞላ ጎደል እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። የትኛው በሽታ እንደሆነ ቁርጡን ማወቅ የሐኪሞች ክብር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል።

በመጨረሻዎቹ ሃያ ዓመታት የምሥራቁ ክፍል መልክ ተለውጧል። በ1997 ዓ.ም. በገርጂ በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል የሚባለው ተከፈተ። የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ በዘመተ በግማሽ ምዕተ ዓመቱ የሴኡል ምእመናን ያሠሩት ነው። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ፣ ምንም ከቦሌ ራቅ ቢል፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳምባና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀመረ። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ የተለየ ሥልጠና የነበራቸው ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚያው ጊዜ ገደማ ጀምሮም የነቀርሳውን ባሲል ከዘሩ የሚለየው ጂን ኤክስፐርት የተባለ መሣሪያ ወደ ሆስፒታሎች ገባ። መሣሪያው የተሠራው ነቀርሳን ለማግኘት ነው። ነገር ግን ከኮኽ በኋላ በፓሪስ እንደሆነው ሁሉ፣ «ነቀርሳ አይደለም» የሚለውን መልስ በእርግጠኝነት መስጠት ሲጀምር «ታዲያ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ወለደ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የሳምባ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ወደ ምሥራቅ ተሻገረ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሕመምተኞችን የተቀበለው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው፤ ቀጥሎም በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው፣ ለኤግዚቢሽንና ለዘፈን ድግስ የምናውቀው የሚሊኒየም አዳራሽ በአልጋና በኦክሲጅን ተሞላ። በሌሎች አገሮች በኮሮና እጅግ የታመሙና በመተንፈሻ መሣሪያ የተረዱ ሰዎች በላዩ አስፐርጊለስ እንደያዛቸው በዚያን ጊዜ በብዛት ተጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡ ፈንገሶችን ሲዘረዝር አስፐርጊለስ ፉሚጋቱስን ከአራቱ እጅግ አሳሳቢዎች መካከል አስቀመጠው።

የአገራችን ነገር በቁጥር የተገመተው ከዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ታፈሰ በየነ ቱፋና እንግሊዛዊው ዴቪድ ዴኒንግ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ 8 የሚሆነው በየዓመቱ በአንድ ዓይነት የፈንገስ በሽታ እንደሚታመም ገመቱ። ትልቁን ድርሻ የያዘው የሕፃናት ቆረቆር ነው። የሳምባው ክፍል የተገመተው ከነቀርሳው ቁጥር ተነሥቶ በስሌት እንጂ ከየሆስፒታሉ ተለቅሞ አይደለም። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል፤ በሽታው ዛሬም የሚቆጠረው በነቀርሳው በኩል ነው።

ይህን ጉዳይ ወደፊት ለመመርመር የሚፈልግ ተማሪ መጀመር ያለበት ከጤና ጣቢያዎቹ የነቀርሳ መዝገብ ይመስለናል። በመዝገቡ የሕክምናው ውጤት የሚጻፍባቸው ክፍሎች አሉ፤ ድኗል፣ መድኃኒቱን ጨርሷል፣ ሕክምናው አልሠራለትም፣ አቋርጧል፣ ሞቷል፣ ውጤቱ አልታወቀም። የገርጂው አናጢ በመጀመሪያው ጊዜ «ድኗል»፣ በሁለተኛው «ጨርሷል»፣ በሦስተኛው «አልሠራለትም» ከሚለው ሥር ይገኛል። በሽታው ሌላ ሆኖ ተገኘ የሚል ክፍል ከእነዚህ ውስጥ የለም።